አንድ ገመድ፣ ብዙ መስታወት፦ በሰንሰለት የተያያዙ ሞኒተሮች አንዱ ከሌላው ስለተለየበት መንገድ የቀረበ አጭር ታሪክ

መግቢያ

ብዙ ሞኒተሮች ጎን ለጎንና አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው እንደ አንድ ትልቅ መስታወት አንድ ሥዕል ሲያሳዩ፣ ይህ ድርድር በእንግሊዞች ቋንቋ «ቪዲዮ ዎል» ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የሥዕል ግድግዳ» ብለን እንጠራዋለን። ዛሬ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል መቆጣጠሪያ ክፍል፣ በቴሌቪዥን ስቱዲዮና በሙዚየም ይታያል።

ስለ ሥዕል ግድግዳ የሚናገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ታሪኩን የመስታወቱ ታሪክ ያደርጉታል። ይኸውም መስታወቱ ከወፍራም ወደ ቀጭን፣ ከደብዛዛ ወደ ብሩህ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ መሻገሩን ይተርካሉ። ይህ አነጋገር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከግድግዳው ፊት ቆሞ የሚያይ ሰው አነጋገር ነው። ከግድግዳው በስተኋላ ገብቶ ገመዱን ለሚከተል ሰው ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ በኩል ዋናው ጥያቄ ሥዕሉ ምን ያህል ያምራል የሚል ሳይሆን፣ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ገመድ ሲያያዙ ትእዛዙ የተላከው ለየትኛው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ በሦስት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። አንደኛው «ምን ዓይነት ነህ?»፣ ሁለተኛው «ማን ነህ?»፣ ሦስተኛው ደግሞ «የት ነህ?» የሚለው ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ ቢመስሉም አንድ አይደሉም፤ መልስ ያገኙትም በአንድ ጊዜ አይደለም። ለሥዕል ግድግዳ ከሁሉ የሚያስፈልገው ሦስተኛው ሲሆን፣ ገመዱ ሊመልሰው የዘገየውና እስከ ዛሬም በሙሉ ያልመለሰው ይኸው ሦስተኛው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ብዙ ጆሮ በአንድ ሽቦ

ጥያቄው ከሞኒተር በፊት የነበረ ነው። ሳሙኤል ሞርስ በ1844 ዓ.ም. ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር የዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር ከተከፈተ በኋላ፣ መስመሮች ሲረዝሙ በመካከል ያሉ ከተሞችም በዚያው ሽቦ ለመጠቀም ፈለጉ። ለእያንዳንዱ ከተማ የተለየ ሽቦ መዘርጋት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፣ በአሜሪካ ልማድ ጣቢያዎቹ ሁሉ በአንዱ ሽቦ ላይ እንደ ዶቃ ተሰኩ። ኤሌክትሪኩ በሁሉም ጣቢያ ውስጥ ያልፍ ነበርና አንዱ ሲጽፍ የሁሉም መሣሪያ ይንኳኳል።

መልእክቱ ለማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በስም ነበር። እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ያለው መጠሪያ ነበረው፤ ጠሪው አስቀድሞ ያንን ፊደል ደጋግሞ ይመታል፤ ቴሌግራፈኛውም የራሱን መጠሪያ እስኪሰማ ድረስ የሌላውን ጫጫታ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። እንግዲህ መለያው የተቀመጠው በመሣሪያው ውስጥ ሳይሆን በሰውዬው ጆሮና ልምድ ውስጥ ነበር።

ይህ አሠራር ሁለት ነገር አስተማረ። የመጀመሪያው፣ ገመድ የቆጠበ ሰው በስም መክፈል እንዳለበት ነው። ሽቦው አንድ ሲሆን ስሞች የግድ ይበዛሉ፤ ሁለት ጣቢያዎች አንድ ስም ቢይዙም ሥራው ይበላሻል። ሁለተኛው፣ የአንዱ ስሕተት የሁሉ ጉዳት መሆኑ ነው። አንድ ቴሌግራፈኛ የመምቻውን ቁልፍ ክፍት አድርጎ ከሄደ መስመሩ በሙሉ ዝም ይላል። በእኛ ቋንቋ «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣና ፍቺውም ሽቦ ማለት መሆኑ እዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባል። ስሙ የወጣው ከሚናገርበት መሣሪያ ሳይሆን ከሚያያይዘው ሽቦ ነው፤ ይህም ስያሜ ከኋላ በኩል ላየው ሰው ትክክል ነው።

፪. ያለ ሰንሰለት የተሠሩ ግድግዳዎች

ብዙ መስታወቶችን አስተባብሮ ለሕዝብ ማሳየት የተጀመረው በትልልቅ ኤግዚቢሽኖች ነው። በ1959 ዓ.ም. በሞስኮ በሶኮልኒኪ መናፈሻ በተደረገው የአሜሪካ ብሔራዊ ኤግዚቢሽን፣ ቻርልስና ሬይ ኢምዝ የተባሉት ባልና ሚስት በሰባት ታላላቅ መጋረጃዎች ላይ በአንድ ጊዜ የሚታይ ፊልም አቀረቡ። ከ2200 የሚበልጡ ሥዕሎች በ12 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ አለፉ። በ1967 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያ አዳራሽ ውስጥ ዮሴፍ ስቮቦዳ «ዲያፖሊኤክራን» የተባለውን ግድግዳ አሳየ። ግድግዳው የተሠራው ከ112 ሳጥኖች ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት የስላይድ ማሳያዎች ነበሩበት፤ ሳጥኖቹም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሱ ነበር።

እነዚህ ሥራዎች ለሥዕል ግድግዳ እንደ አባት ይቆጠራሉ። ሆኖም በአያያዛቸው ረገድ ሰንሰለት አልነበሩም። ከአንድ መቆጣጠሪያ የሚወጣው ትእዛዝ ለእያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይደርሰዋል፤ ቅርጹም ጨረሩን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚዘረጋ ኮከብ ነው። በኮከብ አያያዝ «የት ነህ?» የሚለው ጥያቄ አያስቸግርም፤ ሽቦውን የዘረጋው ሰው የሽቦውን ጫፍ ያውቃልና። የሚያስቸግረው የገመዱ ብዛት ነው። ግድግዳው ሲያድግ ገመዱም አብሮ ያድጋል።

የገመዱን ብዛት ለመገመት የኮሪያው ተወላጅ ናም ጁን ፓይክ በ1995 ዓ.ም. የሠራውን «ኤሌክትሮኒክ ሱፐርሃይዌይ» የተባለውን ሥራ መመልከት ይበቃል። በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው ይህ የአሜሪካ ካርታ 336 ቴሌቪዥኖች ሲኖሩት፣ የተዘረጋለት ኬብል 3750 ጫማ፣ ማለት ከ1100 ሜትር በላይ ነው። ተመልካቹ የሚያየው ብርሃኑን ነው፤ ሠራተኛው የተሸከመው ግን ኬብሉን ነው።

፫. ከእጅ ወደ እጅ

ገመድን ለመቀነስ የተገኘው መላ ጥንታዊው የቴሌግራፍ መላ ነው። የስቱዲዮ ሞኒተሮች ከጀርባቸው አንድ መግቢያና አንድ መውጫ ይኖራቸው ጀመር። ሥዕሉ ወደ መጀመሪያው ገብቶ ይወጣል፤ ወደ ሁለተኛው ገብቶ ይወጣል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። ፈረንጆቹ ይህን «ዴዚ ቼይን» ይሉታል፤ ልጆች አበባ ከአበባ እየሰኩ ከሚሠሩት የአንገት ጌጥ የተወሰደ ስም ነው።

በዚህ አያያዝ የመጨረሻው ሞኒተር ልዩ ግዳጅ አለው። በኬብሉ ጫፍ 75 ኦም የሆነ መዝጊያ ሊደረግበት ይገባል። መዝጊያው ካልተደረገ ምልክቱ ከጫፉ ተመልሶ ሥዕሉን ያጠላዋል፤ ብርታቱም ከልኩ እጥፍ ስለሚሆን ነጩ ይነጣበታል። በሁለት ሞኒተሮች ላይ መዝጊያ ቢደረግ ደግሞ ብርታቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ወርዶ ሥዕሉ ይጨልማል። ስለዚህ ሠራተኛው የመጨረሻው ማን እንደ ሆነ በትክክል ማወቅ ነበረበት። «የት ነህ?» የሚለው ጥያቄ በሥዕል ሰንሰለት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በዚህ መልክ ነው፤ ይሁንና የተጠየቀው አንዱ ብቻ፣ ማለት የጫፉ ነው።

፬. ቁጥር በእጅ የተሰጠበት ዘመን

ሁሉም ሞኒተር አንድ ዓይነት ሥዕል ሲያሳይ ጫፉን ማወቅ ይበቃል። እያንዳንዱ የሥዕሉን አንድ ክፍል ብቻ እንዲያሳይ በተፈለገ ጊዜ ግን ሁሉም ተለይቶ መታወቅ አለበት። ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። 9 ሞኒተሮች 3 በ3 ሆነው ተደርድረዋል እንበል። ስፋቱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ ሥዕል በሰንሰለቱ ውስጥ ሳይከፋፈል ያልፋል። እያንዳንዱ ሞኒተር ከሥዕሉ 640 በ360 የሆነውን የራሱን ድርሻ ቆርጦ አጉልቶ ያሳያል። የትኛው ድርሻ የራሱ እንደ ሆነ የሚያውቀው በተሰጠው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ በሰው ፊት ሥዕል ላይ ዓይን በአፍ ስፍራ ይወጣል።

ትእዛዝ የሚተላለፍበት ሽቦ ከሥዕሉ ሽቦ የተለየ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው «አር ኤስ 232» የተባለው ደንብ የታሰበው ሁለት መሣሪያዎችን ብቻ ለማገናኘት ነው፤ ሞኒተር ሠሪዎች ግን እያንዳንዱ የሰማውን ለሚቀጥለው እንዲደግም አድርገው በሰንሰለት ተጠቀሙበት። በ1983 ዓ.ም. የወጣው «አር ኤስ 485» ደግሞ 32 መሣሪያዎች በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ አብረው እንዲሰሙ ፈቀደ፤ ርቀቱም እስከ 1200 ሜትር ያህል ይደርሳል።

እነዚህ ሁለት መንገዶች በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በታሪክ ረገድ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው። በሁለተኛው መንገድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ስለዚህ ማን ከማን እንደሚቀድም ከሽቦው ሊታወቅ አይችልም። ቁጥሩን ሰው አስቀድሞ በየሞኒተሩ ላይ መጻፍ አለበት። ተመሳሳይ ደንብ በኮምፒዩተር ዕቃዎችም ላይ ነበረ፤ በ1986 ዓ.ም. የጸደቀው «ስካዚ» የተባለው ማገናኛ ለ8 መሣሪያዎች ከ0 እስከ 7 ቁጥር ሲመድብ፣ ቁጥሩን የሚመርጠው ሰው በትንንሽ ማብሪያዎች ነበር። ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ ሁለት ጣቢያዎች አንድ ስም የያዙ ያህል ይሆናል።

በመጀመሪያው መንገድ ግን እያንዳንዱ ተቀብሎ ያስተላልፋል። ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ደግሞ ሊቆጥር ይችላል። ኋላ የመጡት ሞኒተሮች ይህን ተጠቅመው ራሳቸው ቁጥር እንዲከፋፈሉ ተደረገ። የመጀመሪያው 1 ቁጥርን ይወስድና አንድ ጨምሮ 2 ብሎ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፤ ጎረቤቱም 2ን ወስዶ 3 ይላል። ከዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ሰንሰለት ደካማ የሚሆነው እያንዳንዱ በፊተኛው ላይ ስለሚደገፍ ነው፤ ሰንሰለት ተራውን የሚያውቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ድካሙና ዕውቀቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

፭. ሞኒተሩ ስለ ራሱ መናገር ሲጀምር

በ1994 ዓ.ም. ቬሳ የተባለው የሞኒተርና የቪዲዮ ሠሪዎች ማኅበር ሞኒተር ስለ ራሱ የሚናገርበትን ደንብ አወጣ። በሞኒተሩ ውስጥ 128 ባይት የሆነ ትንሽ መዝገብ ይቀመጣል፤ «ኢዲድ» ይባላል። በዚህ መዝገብ ውስጥ የሠሪው ስም በሦስት ፊደል፣ የሞዴሉ ቁጥር፣ የመሣሪያው ተከታታይ ቁጥር፣ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት፣ ሊያሳያቸው የሚችላቸው የሥዕል መጠኖችም ተጽፈዋል። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ያነበዋል።

በዚህ ደንብ «ምን ዓይነት ነህ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። «ማን ነህ?» የሚለውም በተከታታይ ቁጥሩ በኩል ግማሽ መልስ አገኘ፤ ግማሽ የምንለው አንዳንድ ሠሪዎች የቁጥሩን ስፍራ ባዶ ስለሚተዉት ወይም ለብዙ ሞኒተር አንድ ቁጥር ስለሚጽፉበት ነው። «የት ነህ?» የሚለው ግን ጭራሽ አልተጠየቀም። እንዲያውም የመዝገቡ አነባበብ ሰንሰለትን የሚከለክል ነበር። ፊሊፕስ በ1982 ዓ.ም. ባወጣው የሁለት ሽቦ መነጋገሪያ አማካይነት ሲነበብ፣ የሞኒተር ሁሉ መዝገብ በአንድ አድራሻ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ሞኒተሮች በአንድ ሽቦ ላይ ቢሆኑ ሁለቱም በአንድ ስም ተጠርተው በአንድነት ይመልሳሉ። ደንቡ የታሰበው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ሞኒተር ላለው ሰው ነው፤ ስለ ግድግዳ የታሰበበት አይመስልም።

ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላው ሰው ሆነ። በ2001 ዓ.ም. በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ «ለይልኝ» የሚል ትርጉም ያለው ቁልፍ አለ። ሲጫን በየሞኒተሩ ላይ ትልቅ ቁጥር ይታያል፤ ሰውዬው ቁጥሩን በዓይኑ አይቶ በኮምፒዩተሩ ላይ የተሣሉትን ሳጥኖች እንደ እውነተኛው አቀማመጥ ያስተካክላል። ኮምፒዩተሩ ያላወቀውን ነገር የሚነግረው ተመልካቹ ነው። ቴሌግራፈኛው በጆሮው ይሠራ የነበረውን ይህ ሰው በዓይኑ ይሠራል።

፮. መንገዱ ስም ሲሆን

በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ቬሳ «ዲስፕሌይ ፖርት 1.2» የተባለውን ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ በአንድ ኬብል ውስጥ ብዙ የተለያዩ ሥዕሎች አብረው ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱም ሞኒተር የራሱን ወስዶ የቀረውን ያሳልፋል። ልኩ ግን አለው። ኬብሉ በሰከንድ 17.28 ቢሊዮን ቢት ያህል ጠቃሚ መረጃ ያሳልፋል። 1920 በ1080 የሆነ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ሥዕል በተለመደው አቆጣጠር 3.56 ቢሊዮን ቢት ያህል ይፈልጋል። ሲካፈል ከ4 ሞኒተር አልፎ ከ5 ያንሳል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚያያዙት እንዲህ ያሉ ሞኒተሮች በአንድ ኬብል 4 ናቸው።

ለእኛ ጥናት ግን ዋናው ነገር አድራሻው ነው። ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ቅርብ ያለውን «በየቀዳዳህ ላይ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ በእርሱ በኩል አልፎ የሚቀጥለውን ይጠይቃል። የእያንዳንዱ መሣሪያ አድራሻ ወደ እርሱ ለመድረስ የሚታለፍባቸው ቀዳዳዎች ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩም እስከ 15 ደረጃ ሊወርድ ይችላል። እዚህ ላይ ስም የሚባለው ነገር በመሣሪያው ላይ የተለጠፈ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ መንገዱ ራሱ ስም ሆኗል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በአገራችን ሰው ራሱን ሲያስታውቅ ስሙን ከአባቱ፣ ያባቱን ከአያቱ እያያያዘ ይቆጥራል፤ የሚለየውም በራሱ ስም ብቻ ሳይሆን በመጣበት መስመር ነው።

በዚህ ደንብ «የት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ አገኘ፤ ነገር ግን መልሱ በሰንሰለቱ ውስጥ ያለውን ስፍራ እንጂ በግድግዳው ላይ ያለውን ስፍራ አይናገርም። ሁለቱ እንደማይገጥሙ የሚያስረዳው ተራ የሆነ የሥራ ልማድ ነው። ሠራተኛው ኬብል ለማሳጠር የላይኛውን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ የመካከለኛውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ የታችኛውን እንደ ገና ከግራ ወደ ቀኝ ያያይዛል፤ በሬ እርሻውን እንደሚመላለስበት ማለት ነው። በ3 በ3 ግድግዳ ላይ ይህ ሲደረግ፣ ቁጥሮቹን እንደ ጽሑፍ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነብ ሰው የሚሳሳተው በ4ኛውና በ6ኛው ላይ ብቻ ነው። ሰባቱ ትክክል ስለሚሆኑ ስሕተቱ ቶሎ አይታይም። በሙዚየም ውስጥ ይህ ቢያስቅ እንጂ አይጎዳም። በኃይል መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ግን የምሥራቁ መስመር በምዕራቡ ስፍራ ከታየ፣ ባለሙያው ባየው ላይ ተመሥርቶ ይወስናልና ጉዳቱ ከግድግዳው አልፎ ይሄዳል።

፯. ፈቃድና ምትክ

ከሦስቱ ጥያቄዎች ሌላ በ2000 ዓ.ም. አራተኛ ጥያቄ ተጨመረ፤ «የተፈቀደልህ ነህን?» የሚል ነው። በዚያ ዓመት ኢንቴል ያወጣው «ኤችዲሲፒ» የተባለው ደንብ፣ ባለቤትነቱ የተጠበቀ ፊልም ከመታየቱ በፊት እያንዳንዱ ሞኒተር ምስጢራዊ ቁልፍ እንዲያሳይ ያስገድዳል። በመጀመሪያው ትውልድ ደንብ ሰንሰለቱ ከ7 ደረጃ፣ መሣሪያዎቹም ከ127 እንዳይበልጡ ተወሰነ፤ በሁለተኛው ትውልድ ወደ 4 ደረጃና ወደ 32 መሣሪያዎች ዝቅ አለ። ስለዚህ የሰንሰለቱን ርዝመት የሚወስነው የኤሌክትሪክ ብርታት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የባለመብቶች ፈቃድም ሆነ።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ምትክ ነው። አንድ ሞኒተር ተበላሽቶ ሌላ ሲተካ፣ ሥዕሉ መሣሪያውን ይከተል ወይስ ስፍራውን? በተከታታይ ቁጥር የሚለይ ደንብ መሣሪያውን ይከተላል፤ አዲሱን እንደ እንግዳ ይቆጥረዋል። በመንገድ የሚለይ ደንብ ስፍራውን ይከተላል፤ የተቀመጠው ማንም ይሁን ማን ድርሻውን ይሰጠዋል። ናም ጁን ፓይክ በ1988 ዓ.ም. በኮሪያ በግዋቾን ሙዚየም «ሲበዛ ይሻላል» የሚል ስም ሰጥቶ ያቆመው ግንብ 1003 ሞኒተሮች አሉት፤ ቁጥሩ ኮሪያውያን የአገራቸውን መመሥረት የሚያከብሩበትን 10ኛውን ወር 3ኛውን ቀን ያስታውሳል። ግንቡ በ2018 ዓ.ም. ለደኅንነት ሲባል ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ2022 ዓ.ም. እንደ ገና በራ። 737ቱ በቀድሞው ዓይነት ታድሰው ሲቆዩ፣ 266ቱ በአዲስ ዓይነት ቀጭን መስታወት ተተክተዋል። ሥራው ያው የፓይክ ሥራ ነው የሚባለው ስፍራዎቹና ብዛታቸው ስለ ጸኑ ነው። ስለዚህ ለግድግዳ ሕይወት ከማንነት ይልቅ ስፍራ ይበልጣል ማለት እንችላለን።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተተረከው ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል። ሰንሰለት የተፈለገው ገመድ ለመቆጠብ ነው፤ የተቆጠበው ገመድ ዋጋ ግን ወደ መለያ ሥራ ተዛወረ። መለያውን በመጀመሪያ የሰው ጆሮ፣ ቀጥሎ የሰው እጅ፣ ከዚያም የሰው ዓይን ተሸከመው። መሣሪያው በ1994 ዓ.ም. ዓይነቱን፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በሰንሰለቱ ውስጥ ያለውን ተራ ተናገረ። በግድግዳው ላይ የት እንደ ተሰቀለ ግን ገመዱ ብቻውን አይነግርም፤ ገመድ የሚያውቀው ከማን እንደ ተቀበለና ለማን እንደሚሰጥ ብቻ ነውና።

ከዚህ ተነሥቶ የመሣሪያ ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ አንድ ምክር ይገኛል። አንድ መሣሪያ «ራሱን በራሱ ያስተዋውቃል» ሲባል፣ ከሦስቱ ጥያቄዎች የመለሰው የትኛውን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ያልተመለሰው ጥያቄ አልጠፋም፤ አንድ ሰው ከግድግዳው በስተኋላ ሆኖ፣ ስሙ በየትም ሳይጻፍ፣ እየመለሰው ነው። የእነዚህ ሰዎች ሥራ በዕቃዎቹ ደንብ ውስጥ ስለማይገኝ፣ ሳይረሳ ከራሳቸው አፍ ቢሰበሰብ ለወደፊቱ ጥናት ጠቃሚ ይሆናል።